ወንበሩ ለምን ተንሳፈፈ? ስለ ለስላሳ ጥላ የተደረገ ንግግር

(በስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር የኮምፒውተር ምስል) ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎችና ለጀማሪ የጌም ፕሮግራመሮች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን እዚህ በቃል ተክቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

በአንድ ወቀሳ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የሳሎን ምስል በኮምፒውተር ሠርቼ ላክሁ። ሶፋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ጥግ ላይ አንድ የእንጨት ወንበር አለ፣ ከላይ አንድ ክብ መብራት ተንጠልጥሏል። ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ። የምንጣፉ ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። መልሱ በአንድ መስመር መጣ። «ቆንጆ ነው። ግን ወንበሩ ለምን ተንሳፈፈ?»

ደሜ ፈላ። ፋይሉን ከፍቼ ቁጥሩን አየሁ። የወንበሩ እግሮች ወለሉን ነክተዋል፤ ክፍተቱ ዜሮ ነው። «ዓይንዎን ይመርመሩ» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ምስሉን አሳንሼ፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ፣ ራቅ ብዬ አየሁት። ተንሳፍፏል። ምን ይደረግ፣ ተንሳፍፏል።

ጥፋቱ የወንበሩ ሳይሆን የጥላው ነበር። ጥላው መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ በመቀስ የተቆረጠ ጥቁር ወረቀት ይመስል ነበር። እኔም እንደ ብዙ ሰው «እስኪ ትንሽ ላለስልሰው» ብዬ ብለሩን፣ ማለትም ጠርዙ የሚደበዝዝበትን መጠን፣ ከፍ አደረግሁት። ለሰለሰ። ከእግሩ እስከ መደገፊያው ጫፍ እኩል ለሰለሰ። ጣጣው የመጣው ከዚህች «እኩል» ከምትባል ነገር ነው።

እስኪ ጉንዳን እንሁን

ወለሉ ላይ የምትሄድ አንዲት ጉንዳን አስቡ። ከብርሃኑ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ጥላ ትገባለች። በየእርምጃው ቀና እያለች መብራቱን ታያለች እንበል። መጀመሪያ መብራቱ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሆኖ ይታያታል። ትንሽ ስትሄድ የጠረጴዛው ጠርዝ መብራቱን ከአንድ ጎን መብላት ይጀምራል። ግማሹ ይበላል። ቀጭን ቅንጣቢ ይቀራል። ከዚያ ድርግም።

ጉንዳኗ ያየችው ግርዶሽ ነው። በከፊል ያየችበት መንገድ ሁሉ ከፊል ጥላ ይባላል። ምንም ያላየችበት ደግሞ ሙሉ ጥላ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። በአንድ ቦታ ላይ ጥላው ምን ያህል ይጨልማል ብሎ መጠየቅና እዚያ ቦታ ላይ ያለች ጉንዳን የመብራቱን ስንት በመቶ ታያለች ብሎ መጠየቅ አንድ ነው።

ደረቅ ጥላ የሚመጣው መብራቱ ስፋት የሌለው ነጥብ ሲሆን ነው። ነጥብ ግማሹ አይታይም፤ ወይ ይታያል ወይ አይታይም። ኮምፒውተር ነጥብ ይወዳል፣ ስሌቱ ቀላል ነው። በእውኑ ዓለም ግን ስፋት የሌለው መብራት አላየሁም። የስልካችሁ መብራት እንኳ ትንሽ ስፋት አለው።

አሁን ወደ ወንበሬ እንመለስ። መብራቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ከወለሉ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የከፊል ጥላው ስፋት በሦስተኛ ክፍል ሂሳብ ይወጣል። ብርሃኑን ከሚከልለው ነገር እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት በመብራቱ ስፋት አባዙት፣ ከመብራቱ እስከሚከልለው ነገር ባለው ርቀት አካፍሉት። የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ነገር ነው።

የወንበሩ መቀመጫ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 45 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ155፤ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የመደገፊያው ጫፍ 90 ላይ ነው። 90 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ110፤ ከ16 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እግሩ ወለሉን የሚነካበት ቦታ ላይስ? ዜሮ ሲባዛ በምንም ዜሮ ነው። እዚያ ጥላው እንደ ምላጭ ስለታም መሆን አለበት።

አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ሦስት ዓይነት ጠርዝ። እኔ ደግሞ ለሁሉም 6 ሴንቲ ሜትር ብለር ሰጠሁት። የወንበሩ እግር ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ነው። የ3 ሴንቲ ሜትርን ጥላ በ6 ሴንቲ ሜትር ካሸኸው ጥላው አመድ ሆኖ ይበተናል። እግሩ መሬት የሚነካበት ጥቁር ነጥብ ጠፋ። ዓይናችን ደግሞ አንድ ዕቃ መሬት ላይ መቀመጡን የሚያውቀው ከዚያች ጥቁር ነጥብ ነው። ደንበኛው ይህን ሁሉ ሂሳብ አያውቁም፤ ማወቅም የለባቸውም። ዓይናቸው ያውቃል።

ቤታችሁ ገብታችሁ የምትሞክሩት

ስለ ኮድ ከማውራቴ በፊት ጥላን ራሱን ትንሽ እንየው። ብዙዎቻችን ለዓመታት ጥላ ስንሠራ ቆይተን አንድም ቀን ጥላ አላየንም። እኔን ጨምሮ።

ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ወደ 0.53 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የፀሐይ ከፊል ጥላ ስፋት፣ ከሚከልለው ነገር እስከ ጥላው ካለው ርቀት አንድ መቶኛ ገደማ ይሆናል። አንድ ሜትር ከፍ ያለ ነገር 9 ሚሊ ሜትር ከፊል ጥላ አለው፤ 10 ሜትር ከፍ ያለ ጣሪያ 9 ሴንቲ ሜትር። 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ፀሐይ ላይ ያዙ። ወደ ወረቀቱ ስታስጠጉት መሐሉ ጥቁር ነው። እያራቃችሁ ስትሄዱ መሐሉ እየቀጠነ ይሄዳል። 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጥቁሩ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ግራጫ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እርሳሱ ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ መጋረድ አይችልም። በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ላይ ከከፍታ የወረደ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥላ መሬት ላይ ጥቁር ሆኖ ካያችሁ፣ አንድ ሰው ሂሳቡን ዘልሏል ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን በጣም ነው የምወደው። ፀሐይ ላይ የሁለት ጣቶቻችሁን ጥላ ቀስ ብላችሁ አቀራርቡ፤ አንዱ እጅ ወደ መሬት ቀረብ፣ ሌላው ራቅ ይበል። ጣቶቹ ሳይነካኩ ጥላዎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። አንዱ ጥላ እንደ ጠብታ እብጥ ብሎ ወደ ሌላው ይዘረጋል። ልጅ ሆኜ አስማት ይመስለኝ ነበር። ጉንዳኗን ጠይቋት። አንዱ ጣት የፀሐይን ግማሽ ከግራ በልቷል፣ ሌላው ከቀኝ ይመጣና የቀረውን ይበላል። ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም ያንን ቦታ ግራጫ ብቻ ነው የሚያደርጉት። አብረው ሲመጡ ያጠቁሩታል። ከአንድ ወገን ቢመጡ ግን፣ ሁለቱም ያንኑ ግማሽ ከበሉ፣ ምንም አይጨመርም። ልብ በሉ፦ ሁለት ግራጫ ጥላ ሲደራረብ ስንት እንደሚሆን ሁለቱን ቁጥር ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። ይህ ነጥብ በኋላ ያስቸግረናል።

ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ያለበት ክፍል ካገኛችሁ ደግሞ እርሳሱን ከአምፖሉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ጥላውን እዩ። ጥርት ያለ መስመር ነው። አሁን እርሳሱን ሩብ ዙር አዙሩት። ጥላው ይጠፋል። እርሳሱ ያው፣ ከፍታው ያው። አምፖሉ በአንድ በኩል ከአንድ ሜትር በላይ ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። «የመብራት ስፋት» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ፕሮግራም ይህን ሊሠራ አይችልም። አንዳንድ ጊዜ ስህተቱ ከእናንተ ሳይሆን ከመሣሪያው ነው፤ ያን ጊዜ ረጅሙን አምፖል በተከታታይ በተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች መተካት ይቻላል። ማሽኑ ያማርራል፤ ምስሉ ግን ይድናል።

ለነገሩ ይህን ያየነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ኢብን አል ሀይሰም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጥላ ባሕርይ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም በማስታወሻዎቹ ውስጥ በጥላ ጠርዝ ላይ ገጽ በገጽ ተጨንቋል። ግራፊክስ ካርድ ሳይኖራቸው።

ጥላ በኮምፒውተር ውስጥ

ታሪኩን ባጭሩ ልበለው። 1977 ላይ ፍራንክ ክሮው ጥላን እንደ ጠጣር አካል የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ። በዓመቱ፣ 1978፣ ላንስ ዊልያምስ ዛሬም ብዙ ጌሞች ውስጥ ያለውን ሻዶው ማፕን አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ካሜራውን መብራቱ ቦታ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ሆነህ በየአቅጣጫው መጀመሪያ የምታገኘው ነገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ መዝግብ። በኋላ አንድን ነጥብ ስትስል ከመብራቱ ያለውን ርቀት ከመዝገቡ ጋር አስተያይ። አንተ ከተመዘገበው የምትርቅ ከሆነ፣ ከፊትህ የቆመ ነገር አለ፤ ጥላ ውስጥ ነህ።

ችግሩ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ መሆኑ ነው። ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። ታዲያ መዝገቡን ብናደበዝዘውስ? ብዙ ጀማሪ ይህን ይሞክራል። አይሠራም። የጠረጴዛውን ርቀትና የወለሉን ርቀት ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ የምታገኙት ምንም የሌለበት አየር ነው። በ1987 ከፒክሳር ሪቭስ፣ ሳለሲንና ኩክ ያመጡት መላ ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ ነበር። መጀመሪያ አስተያይ፣ ከዚያ የመልሶቹን አማካይ ውሰድ። በአካባቢው ካሉ 16 መዝገቦች 4ቱ «ጥላ ነህ» ካሉ፣ 25 በመቶ ጥላ ነህ። ጠርዙ ለሰለሰ። ነገር ግን ሁሉም ቦታ እኩል። የእኔ ወንበር የወደቀችው እዚህ ላይ ነው።

2005 ላይ የኤንቪዲያው ራንዲማ ፈርናንዶ ያችኑ የሦስት ማዕዘን ሂሳብ ወደ ውስጥ አስገባት። ከማደብዘዝህ በፊት፣ በአካባቢው ካሉ መዝገቦች አንተን የሚከልሉትን ፈልግ። አማካይ ርቀታቸውን ውሰድ። ከዚያ የከፊል ጥላውን ስፋት አስላ። በዚያ ስፋት ልክ አደብዝዝ። ሲቀርብ ስለታም ይሆናል፣ ሲርቅ ይለሰልሳል። እንግሊዝኛው ረጅም ስም ነው፤ በሥራ ቦታ ፒ ሲ ኤስ ኤስ ሲባል ትሰማላችሁ።

ጥላችሁ ተበላሽቶ ወደ እኔ ከሚመጣው አብዛኛው ይህንኑ ዘዴ የተጠቀመ ነው። ዘዴው ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው የሚበላሸው። በጣም የማየውን ልንገራችሁ።

አንደኛው አማካዩ ላይ ነው። የሚከልሉትን ብቻ መደመር ሲገባ ሁሉንም የሚደምር ኮድ አለ። ወለሉም ራሱ ከደመሩት ውስጥ ይገባል። አማካዩ ወደ ወለሉ ይጠጋል፣ ርቀቱ ያነሰ ይመስላል፣ ጥላው ከሚገባው በላይ ስለታም ይሆናል። በተለይ በጠርዙ ውጪኛ ክፍል፣ የሚከልለው ጥቂት ሆኖ ወለሉ በሚበዛበት። አንዲት «ከሆነ» የምትል መስመር ስትረሳ ነው ይህ ሁሉ።

ሁለተኛው ርቀቱ ራሱ ነው። ሻዶው ማፕ ውስጥ ያለው ቁጥር፣ መብራቱ እንደ ባትሪ ከአንድ ነጥብ የሚሰፋ ከሆነ፣ ሜትር አይደለም። ከ0 እስከ 1 የሚሄድ የተጣመመ ቁጥር ነው፤ ቅርቡን ይለጥጣል፣ ሩቁን ያጨናንቃል። እሱን በቀጥታ ከቀነሳችሁ ትርጉም የለሽ ስፋት ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ወደ ሜትር መልሱት። አንድ ወዳጄ ለዚህ ሲል ሁለት ሳምንት «የመብራት ስፋት» የሚለውን ቁጥር ወደ ላይ ወደ ታች ሲጎትት ከርሟል። አንዱ ክፍል ሲስተካከል ሌላው ይበላሽበታል። ቁጥር እየጎተታችሁ አንዱ ቦታ ሲስተካከል ሌላው ከተበላሸ፣ ቁጥሩን ተዉት፤ ቀመሩ ነው የታመመው።

በትልቅ ሜዳ ላይ ለፀሐይ ብዙ ሻዶው ማፕ ይደረደራል፤ ለቅርቡ አንድ፣ ለመካከሉ አንድ፣ ለሩቁ አንድ። አንዱ ፒክስል (የማፑ አንድ ነጠብጣብ) በመጀመሪያው 1 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስተኛው 20 ሴንቲ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ብለሩን በፒክስል ብዛት ከሰጣችሁት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርበት መስመር ላይ ጥላው ድንገት ይወፍራል። ተጫዋቹ ሲሮጥ መስመሯም አብራው ትሮጣለች። መድኃኒቱ ስፋቱን በሜትር አስልቶ ለእያንዳንዱ ማፕ ለየብቻ ወደ ፒክስል መቀየር ነው።

የሚከልለውን የምትፈልጉበት ክልል ከጠበበ ደግሞ ከፊል ጥላው ውጪኛው ግማሽ ላይ ቁርጥ ይላል፤ እየሳሳ መጥፋት ሲገባው በመስመር ያልቃል።

ስለ ብጉሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የወንበሬ ሁለተኛ ወንጀለኛ ይኼ ነበር።

መዝገቡ ውሱን ፒክስል ነው ያለው። አንድ ፒክስል ከመብራቱ አንጻር ባዘነበለ ወለል ላይ ሲያርፍ ለሰፊ ቦታ አንድ ርቀት ብቻ ይመዘግባል። የወለሉ ግማሽ ከተመዘገበው ይቀርባል፣ ግማሹ ይርቃል። የራቀው ግማሽ «እኔን ከራሴ በስተቀር የሚከልለኝ የለም» ማለት ሲገባው ጥላ ውስጥ ነኝ ይላል። ወለሉ በጥቁር ሽንትር ይሞላል። ባለሙያዎቹ ብጉር ይሉታል፤ ስሙ ይገባዋል።

ሁሉም ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ባያስ ነው፤ በንጽጽሩ ላይ ትንሽ ርቀት ጨምሮ ነጥቡን ወደ መብራቱ ጠጋ ማድረግ። ብጉሩ ይጠፋል። ሲበዛ ግን ጥላው ከባለቤቱ ይለያያል። ለዚህም ስም አለው፤ ከጥላው ጋር በተቆራረጠው የተረት ልጅ በፒተር ፓን ይጠሩታል። የእኔ ባያስ 4 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። የወንበሩ እግር የመጨረሻ 4 ሴንቲ ሜትር ጥላ አልነበረውም ማለት ነው። ብለሩ የቀረውን አመድ አደረገው።

ለስላሳ ጥላ ብጉሩን ለምን እንደሚያባብስ ልብ ይሏል። ብለሩ ሰፋ ሲል ራቅ ካሉ ጎረቤቶች ጋር ትነጻጸራላችሁ። ወለሉ ከመብራቱ አንጻር ካዘነበለ፣ ራቅ ያለው ጎረቤት ርቀቱ ከእናንተ በጣም ይለያል። ስለዚህ ሰዎች ብለሩን ሲያሰፉ ባያሱንም ይጨምራሉ፤ ጥላው ሲለሰልስ መሬት ይለቃል። አንድ ቋሚ ቁጥር ለሁሉም መስጠት ነው ስህተቱ። ባያሱ ከወለሉ ዝንባሌና ከብለሩ ስፋት ጋር አብሮ ይደግ፣ ይነስ። ወይም ነጥቡን ወደ መብራቱ ሳይሆን ወለሉ ወደሚያይበት አቅጣጫ፣ በአንድ የሻዶው ማፕ ፒክስል ልክ ገፋ አድርጉት። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ መጠኑ ከሴንቲ ሜትር ወደ ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ብታስተካክሉም አንድ ነገር ይቀራል። ሻዶው ማፑ የተነሳው ከመብራቱ መሐል፣ ከአንድ ነጥብ ነው። ከመብራቱ ግራ ጠርዝ ብቻ የሚታየው የዕቃ ጎን አልተመዘገበም። ጣቶቹን ታስታውሳላችሁ? አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሲበላ፣ ይህ ዘዴ የሁለቱን አማካይ ርቀት ይዞ ያልፋል። እብጠቱን አይሠራውም። ለጌም ይበቃል። እውነቱን ከፈለጋችሁ ጉንዳኗን ራሷን መጠየቅ ነው።

ጨረር መላክ

ጉንዳኗን መጠየቅ የጀመሩት በ1984 በሉካስፊልም የነበሩት ኩክ፣ ፖርተርና ካርፔንተር ናቸው። ከነጥቡ ተነስተህ መብራቱ ላይ በዕጣ አንድ ቦታ ምረጥ። ጨረር ላክ። ደረሰ ወይስ ተደናቀፈ? ደጋግም፣ አማካዩን ውሰድ። የጣቶቹ እብጠት፣ የፍሎረሰንቱ እርሳስ፣ ሁሉም ሳይለመን ይመጣል።

ዋጋው ነው ከባዱ። ግማሽ በተከለለ ነጥብ ላይ 16 ጨረር ብትልኩ መልሱ በ12 ከመቶ ገደማ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ 4 እጥፍ፣ 64 ጨረር ያስፈልጋል። ወደ 3 በመቶ ለማውረድ 256። 1920 በ1080 የሆነ ምስል ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። በ256 አባዙት፣ በሰከንድ 60 ምስል አባዙት፤ ለአንድ መብራት ብቻ ከ30 ቢሊዮን በላይ ጨረር በሰከንድ። ከ2018 ጀምሮ ለጨረር የተለየ ክፍል ያላቸው ግራፊክስ ካርዶች በተራ ሰው እጅ ገብተዋል፤ ያም ሆኖ ጌም ውስጥ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፒክስል አንድ ጨረር ነው የሚደርሰው። የቀረውን ዲኖይዘር፣ ማለትም በጨረር ማነስ የሚመጣውን ነጠብጣብ (ኖይዝ) የሚያጠራው ፕሮግራም፣ ይሙላው ተብሎ ይተዋል።

አንድ ስህተት ላሳያችሁ። ሰሌዳው ላይ ክብ ልሥራ። ይህ መብራታችን ነው። በክቡ ውስጥ በዕጣ ነጥብ መምረጥ አለብን። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው እንዲህ ነው። ከመሐል ያለውን ርቀት በዕጣ ምረጥ፣ አቅጣጫውን በዕጣ ምረጥ። ትክክል ይመስላል አይደል? እስኪ ክቡን በግማሽ ሬዲየስ ላይ በሌላ ክብ ልክፈለው። የውስጠኛው ክብ ስፋት ከሙሉው ሩብ ነው። የእኛ ዕጣ ግን ግማሹን ነጥብ ወደ ውስጥ ይጥላል። መሐሉ ይጨናነቃል፣ ዳሩ ባዶ ይቀራል። መብራቱ ዳር ዳሩ የደበዘዘ ያህል ይሆናል፤ ከፊል ጥላውም መሐሉ ላይ ይጠብባል፣ ጥላው ከመለኪያው የበለጠ ስለታም ሆኖ ይታያል። ፈውሱ በዕጣ የመጣውን ቁጥር በሬዲየሱ ከማባዛታችሁ በፊት ስኩዌር ሩት ማድረግ ነው። አንዲት ቃል ናት። ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼ ለአንድ ዓመት ያህል ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ጥላው ያምር ነበራ! ስህተት መሆኑ የታወቀኝ እውነተኛ ክብ መብራት ሥር ማስመሪያ አስቀምጬ በስልኬ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ የክብ መብራት ከፊል ጥላ በእኩል ፍጥነት አይጨልምም። ቀጥ ያለ ጠርዝ የክቡን ዲያሜትር ሩብ ሲሸፍን የጠፋው ብርሃን 25 ሳይሆን 20 በመቶ ገደማ ነው። መጀመሪያ ቀስ፣ መሐል ላይ ፈጠን፣ መጨረሻ እንደገና ቀስ ይላል። ከብርሃን እስከ ጨለማ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥላ የክብ መብራት አይደለም።

ዲኖይዘሩን በተመለከተ፣ አብዛኛው የሚያጠፋው ያው የእኔን ጥፋት ነው፤ ሁሉን እኩል ያሻል። ጨረሩ ሲደናቀፍ ምን ያህል ርቆ እንደተደናቀፈ መዝግባችሁ ለዲኖይዘሩ ስጡት። ቅርብ ከሆነ ትንሽ ይሽ፣ ሩቅ ከሆነ ብዙ። እንዲሁም ጥላውን ከወለሉ ቀለምና ከእንጨቱ መስመር ለይታችሁ አጥሩት፤ በኋላ አባዙት። አለበለዚያ የለፋችሁበት ምንጣፍ ከኖይዙ ጋር አብሮ ይታጠባል።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሲበላሽ

አንዳንዴ ጥላው ትክክል ነው፤ የሚታይበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ጉንዳኗ የመብራቱን ግማሽ ካየች ብርሃኑ 0.5 ነው። ይህ ከ0 እስከ 255 ባለው የስክሪን ቁጥር ስንት ይሆናል? 128 ካላችሁ ተሳስታችኋል። ስክሪኑ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ብርሃን አይለውጥም። ትክክለኛው 188 ነው። 128 ብላችሁ ከላካችሁ ስክሪኑ የሚያወጣው ብርሃን ከ22 በመቶ አይበልጥም። ከፊል ጥላው ይጠቁራል፣ ሙሉ ጥላው የወፈረ ይመስላል። ሰውም የመብራቱን ስፋት መነካካት ይጀምራል። ስሌቱን ሁሉ በብርሃን መጠን ጨርሱ፤ ወደ ስክሪን ቁጥር የሚቀየረው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው።

ልኬትም አለ። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ወንበር በሴንቲ ሜትር የተሠራ ሆኖ እንደ ሜትር ከተነበበ ቁመቱ 90 ሜትር ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ካሜራውን አርቆ «አሁን ተስተካከለ» ይላል። ምስሉ ላይ ያው ወንበር ነው። መብራቱ ግን 20 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ቀርቷል፤ ለ90 ሜትር ወንበር የመርፌ ቀዳዳ ማለት ነው። ጥላው ደረቅ ይሆናል። ጥላ ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው የወንበሩን ቁመት ነው፤ አስር ሰከንድ አይፈጅም።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስና ልጨርስ። ብለሩን አጠፋሁት። ባያሱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አወረድሁ። መብራቱን በእውነተኛ ስፋቱ፣ 20 ሴንቲ ሜትር፣ አስቀምጬ ስፋቱን ቀመሩ እንዲያወጣው ተውኩት። ኮምፒውተሩ ምስሉን እንደገና እንዲያወጣ ሬንደር አደረግሁ። የወንበሩ እግሮች ሥር አራት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ብቅ አሉ። መደገፊያው ወለሉ ላይ ጢስ መስሎ ተዘርግቷል። ምስሉን መልሼ ላክሁት፣ ምንም ማብራሪያ አልጨመርኩበትም።

በማግሥቱ መልስ መጣ። ስለ ወንበሩ አንድም ቃል የለም። የመጋረጃው ቀለም ይቀየርልኝ ነው ያሉት።